አባ ቮልስ ምን ሊጠግን ገባ?

መርማሪዋ ጋራዡ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም። አርባ ዓመት ሙሉ ከቮልስ ሌላ መኪና ነክቶ የማያውቀው፣ ሰፈሩ «አባ ቮልስ» የሚለው ሽማግሌ መካኒክ በገዛ መኪናው ሥር ተንጋሏል። ክሪኩ ተንሸራቶ የቮልሷ ፊት ደረቱ ላይ አርፏል። ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ውሃ ተኝቷል።

ተንበረከከች። ሽማግሌው የለበሰው ቱታ ሳይሆን የክት ኮቱን ነው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ከሥሩ ያለው ወለል ላይ ግን የደም ጠብታ የለም። ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች። መሥሪያ ጠረጴዛው አጠገብ ሰጋቱራ ተበትኗል። በጫማዋ ጫፍ ገለጥ አደረገችው፤ ከሥሩ ቀይ ነው።

ወንድ ልጁ፣ ሴት ልጁና ባሏ ጠባቧ ቢሮ ውስጥ ተፋጠው ተቀምጠዋል።

«ገዳዩ ይሄ ነው!» አለች ልጅቷ በወንድሟ ላይ ጣቷን ቀስራ። «ቶዮታ የገዛ ቀን ነው አባዬን የገደለው!»

«ሦስት ዓመት ዘግቶኝ ነበር» አለ ወንድምየው። «ትናንት ግን ራሱ ደወለልኝ። ‹የቮልስ ደንበኛ አለቀ፤ ቶዮታህን ይዘህ ና፣ ጋራዡን ተረከበኝ› አለኝ። ዛሬ ልንዋዋል ነበር።»

«ውሸታም! አባዬ ቮልስን ሊከዳ?»

መርማሪዋ ወደ አማችየው ዞረች። «አንተስ?»

«እኔ እንደሳቸው የቮልስ ሰው ነኝ። ጠዋት በር ላይ አግኝቻቸው ‹ውሃ ታፈሳለች፣ ራዲያተሯን ልየው› ብለውኝ ገቡ።»

ወንድምየው አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኗ ገታችው። ከዚያ ሦስቱንም ቮልሷ ዘንድ ወሰደቻቸው።

«እስቲ ንገሪኝ» አለች ልጅቷን፤ «የዚህች ራዲያተር የት ነው?»

«ቮልስ ምን ራዲያተር አላት? ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አባዬ ይህን ለማን ያላስተማረው…» ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ኮት የለበሰው ለውል እንጂ ለጥገና አልነበረም» አለች መርማሪዋ። «የተመታው ጠረጴዛው አጠገብ፣ ጀርባውን በሰጠበት ነው። ከዚያ ተጎተተ፤ ክሪኩ ወረደበት። ውሃውን ያፈሰሰው ሰው መኪና ሁሉ ከፊት ራዲያተር ያለው መስሎታል። እዚህ ቤት ያደገ ልጅ እንዲህ አይሳሳትም።»

የአማችየው ፊት ተለዋወጠ። «እሳቸው» ማለቱም ቀረ።

«ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ስለዚች ቆርቆሮ ሲለፈልፍ ተቀምጬ ሰማሁት! ጋራዡ ያንተ ነው ሲለኝ ኖሮ፣ ዛሬ ጠዋት ‹ሐሳቤን ቀየርኩ› ይለኛል! የከዳው እሱ ነው!»

«ተቀመጥክ እንጂ መቼ ሰማኸው» አለች ሚስቱ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ልጅቷ ደጁ ላይ ወንድሟን ደረሰችበት።

«ቤት አድርሰኝ» አለችው።

«በእግርሽ ሂጂ። ገዳይ መኪና ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

ቶዮታው ውስጥ ገብቶ በሩን ጠረቀመው። ሞተሩን ግን አላስነሳም። እሷም ካለችበት አልተነቃነቀችም። ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እጁን ዘርግቶ የወዲያኛውን በር ከፈተላት።