የማንጠግቦሽ አምሮት

ማንጠግቦሽ ከአማቷ ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋር በምትኖርበት አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ እንደ ወትሮዋ ማለዳ ተነሥታ ጓዳውን ጠርጋ ከጎታው ጤፍ በመስፈር ላይ ሳለች አቅለሸለሻት፤ ጡቷም ልብሷ በነካው ቁጥር ይጠዘጥዛት ነበርና መፀነሷን ማንም ሳይነግራት ዐወቀች። የፊተኛው ፅንስ ወርዶባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለቤቷ መምህር በሪሁን ፊቷን ቀና ብሎ አያይም፤ ስለዚህ ይህን ልጅ ማቆየት ከነፍሷ በላይ አሳሰባት።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወሬውን እንደ ሰሙ እጇን ያዙ።

«ምን አማረሽ የኔ ልጅ? አምሮት ከታፈነ ፅንስ ይጎዳል። ጎረቤት ለምኜም ቢሆን አመጣልሻለሁ።»

«ምንም አላማረኝም፣ እሜቴ።»

«ወግጂ! እኔ በሪሁንን ሳረግዝ የንስሐ አባቴን እርጎ ሰርቄ ጠጥቻለሁ።»

ማንጠግቦሽ ሳቀች፤ ፊቷ ግን በኀፍረት ጋለ። ያማራት አፈር ነበር። ዝናብ ያረጠበው የጓዳው ግድግዳ፣ ጭድና ጭቃ የተዋሐዱበት ያ ቀዝቃዛ ጠረን፣ አፏን በምራቅ ይሞላው ነበር። ነገር ግን የታላቅ ሊቅ ልጅ፣ በጨዋ ቤት የተዳረች ሴት፣ ግድግዳ መላስ አማረኝ ብላ እንዴት አፍ አውጥታ ትናገር?

ከጎታው ጀርባ ጨለማው ውስጥ ተንበርክካ በጥፍሯ እየፋቀች ትበላ ጀመር፤ እየቆየም ቀዳዳው እጅ የሚያስገባ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው መጣ ብላ መፋቋን ብታቆም፣ የመፋቁ ድምፅ አላቆመም፤ አንድ ነገር ከግድግዳው ውስጥ ቀስ እያለ ወደ እርሷ ይፍቅ ነበር። ወጥታ ከውጭ በኩል ብታይ ግድግዳው ምንም አልሆነም፤ ከሥሩ ዶሮዎች ይጭራሉ። ተመልሳ አፍንጫዋን ወደ ቀዳዳው ብታስጠጋ፣ የአፈሩ ሽታ ጠፍቶ ሞቅ ያለ የአራስ ቤት ጠረን ተቀበላት።

ለአማቷ ልትናገር ተነሣች። ምን ስታደርጊ አገኘሽው ቢሏትስ? ኀፍረቱ መልሶ አስቀመጣት፤ አምሮቱም መልሶ አንበረከካት። ቁራሽ ልትሰብር እጇን ወደ ውስጥ ብትሰድ፣ ጥርስ የሌለው፣ እርጥብና ለስላሳ ነገር ጣቷን ጎርሶ ረጅም ጊዜ ጠባት፤ ከእምብርቷም በታች ቀጭን ክር እንደሚመዘዝ ያለ ነገር ተሰማት።

በማግሥቱ ማቅለሽለሹ ተወ። ጡቷ ሟሸሸ። ደም ግን አልፈሰሳትም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀዳዳውን ባገኙት ጊዜ «ይህች አይጥ ቤቴን ልትንደው ነው!» ብለው በገዛ እጃቸው ጭቃ አቡክተው ደፈኑት። ማንጠግቦሽ ሆዷ እንደ ልጃገረድ ሆድ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲቀር እንኳ ለማንም አልተናገረችም፤ በሪሁን ደግሞ ስለ ፅንሱ ሲል ቀና ብሎ ሊያያት ጀምሮ ነበርና፣ ከቀሚሷ ሥር ጨርቅ እየጠቀለለች ታስር ጀመር።

ወራት አለፉ። የተመረገው ጭቃ እንደ ደንቡ ደርቆ አልተሰነጠቀም፤ ሞቆ ወዘናው በርቶ ክብ ሆኖ ወደ ውጭ እየተነፋ መጣ።

«ማንጠግቦሽ!» ብለው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከእልፍኝ ተጣሩ። «ዛሬስ ተንቀሳቀሰልሽ ወይ?»

«አዎን፣ እሜቴ፤ አሁን ረገጠኝ» አለች፣ መዳፏን ከግድግዳው ሳታነሣ።