የእጃጂው ፍላሽ

በዚህ ቻናል ሁሌ የምጽፈው ስለ አንቲቫይረስና ስለ አዳዲስ ሶፍትዌር ነው። ዛሬም ያው ነው... ግን ይሄኛውን እንደ ምክር አታንብቡት።

በእውነት የሆነ ነገር ነው። ዱሬቲ ከምትኖርበት ከጉደር አምቦ ድረስ መጥታ፣ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ነው የነገረችኝ። «እዚህ ውስጥ ሰዎች አሉ፣ አውጣልኝ» አለችኝ። ፈጠራ ነው የሚል ጉደር ሄዶ ይጠይቃት።

2012 ዓ.ም.፣ የካቲት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ።

ዱሬቲ ያላት ሁለት ነገር ነው። አስፋልቱ ዳር ያለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቷ፣ ከዚያ የሰባት ዓመት ልጇ ጊፍቲ። በሱቁ ጉርድ ፎቶም ታነሳለች።

ያኔ ኢንተርኔት እንደ ልብ አይገኝም። የአንቲቫይረስ አፕዴት በፍላሽ ነበር የሚመጣው። የሚኒባስ ሾፌሩ ኦቦ ሌንጂሳ ከአዲስ አበባ ያመጡታል፣ ከዚያ እንደ ጎረቤት ወንፊት ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ማን ነካው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የዚያን ቀን ግን ኦቦ ሌንጂሳ የመጡት ከእጃጂ ከተማ ነው።

«ይሄ ከአዲስ አበባ አይደለም እንዴ?»

«መናኸሪያ አንድ ሰው ሰጠኝ። ለዱሬቲ አለ።»

«ማነው እሱ?»

«እንጃ... ፊቱን ልብ አላልኩትም።»

ዱሬቲ እጃጂ የምታውቀው ሰው የለም። ቢሆንም ሰካችው። ምን ታድርግ፣ ኮምፒውተሯ በቫይረስ ተጨማልቆ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል።

ፍተሻው ጀመረ። ወዲያው አንድ ጥያቄ ብቅ አለ... በእንግሊዝኛ፣ ረጅም። እኛ ደግሞ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አናነብም። «ለሁሉም» የምትለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋ እሺታውን ተጫነች። የስ።

ከጎን የልብስ ሰፊው የኦሊቃ የስፌት መኪና ይንጣጣ ነበር።

ቆመ።

ስክሪኑን አየች። «ኦሊቃ፦ ተሰርዟል» ይላል። ባለፈው ሳምንት ለመታወቂያ ያነሳችው ጉርድ ፎቶ ነው።

ወጥታ አየች። የኦሊቃ በር ተዘግቷል። ጓጉንቸሩ ዝጓል።

ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠውን ካሰችን ጠየቀቻት።

«አዴ ካሰች፣ ኦሊቃ የት ሄደ?»

«ማን?»

«ኦሊቃ... ልብስ ሰፊው።»

«ምነው ዱሬቲ፣ አሞሻል እንዴ? ያ ቤት ሰው ከገባበት ስንት ጊዜው።»

ካሰች የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋላት ኦሊቃ ነው።

ዱሬቲ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ስም በስም ላይ ይወርዳል... ይገዙ። ኤልያቄም። ገቢሳ። ፎቶ ያነሳቻቸው ሰዎች ሁሉ። ፍላሹን ነቀለችው።

አልቆመም።

ከዚያ... ጊፍቲ።

መስከረም ላይ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ራሷ ያነሳቻት ፎቶ ነው።

«ተሰርዟል።»

ስትነግረኝ እዚህ ጋ ስትደርስ ውሃ ሰጠኋት። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ያኔ ማውሱን ያዘች። እንደ ምንም የተሰረዙት የሚቀመጡበትን ዝርዝር ከፈተች፣ የጊፍቲን ስም ፈልጋ «መልስ» የሚለውን ነካች። ሌላ ጥያቄ መጣ። እሱም ረጅም ነው፣ ስለ ቀን የሚል ነገር አለው። ልጇ ጠፍታባት ማን ያነባል? የስ።

«ጊፍቲ፦ ተመልሷል።»

የኦሊቃን ልትመልስ እጇን ስታነሳ መብራት ጠፋ።

ሱቁን ሳትዘጋ ሮጠች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቹ እየወጡ ነው። አንድ በአንድ አየቻቸው።

የለችም...

የለችም...

ግቢው ባዶ ሊሆን ሲል ጊፍቲ ብቻዋን ወጣች።

ዱሬቲ አቧራው ላይ ተንበርክካ አቀፈቻት። አንገቷን አሸተተች፣ የልጇ ጠረን ነው። ተመስገን ብላ አለቀሰች።

ጊፍቲ ሳቀች።

ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም።

የወለቁት መስከረም ላይ ነበር። ለገና ግን በቅለው፣ እናትና ልጅ መስታወት ፊት ቆመው አይተዋቸዋል።

«ጊፍቲ...» አለች በሹክሹክታ። «ጥርስሽስ?»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ጨበጥ አድርጋ ቀና ብላ አየቻት።

«እማዬ፣ ለምዝገባው ፎቶ የምታነሺኝ ዛሬ ነው አይደል?»