ድምፁ የተቆረጠ ኢሜይል

«ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ኢሜይል ገና አልተጻፈም!» አለች ሂዳያ።

ከሽንኩርቱ ኩንታል ጀርባ ቆማ ፍላሹን ለሹፌሩ ለሙሀሲን አሻገረችለት። ዘበኛው እዚያው በሩ ላይ ጫቱን ይቀነጥሳል።

«ቀስ በይ አንቺ! ሸዋሮቢት በሙሉ ሰማሽ።»

ሁለቱም የፖሊስ ሰላዮች ናቸው። የእሷ የምስጢር ስም ጭልፊት፣ የሱ ግመል። የሽንኩርት ነጋዴው የአብዱልሃዲ ኮምፒውተር ሠራተኛ መስላ ከርማለች። ሰውዬው ከሽንኩርቱ ሥር ጠመንጃ ይጭናል።

የቢሮው ኢንተርኔት ከኤሊ ይብሳል። ከባድ ፎቶ የተያያዘበት ኢሜይል ሲመጣ የቆሻሻ መልእክት ማጣሪያው ቀጥ ይላል። እሷ መላ ዘየደች፤ አባሪው አስቀድሞ ይቆረጣል፣ ጽሑፉ ብቻ ይፈተሻል፣ ካለፈ አባሪው ይመለስለታል። አብዱልሃዲ «ጎበዝ ልጅ!» አላት። ጎበዟ ልጅ በመሀል የሱን ፎቶዎች ትቀዳለች።

«ነገ ከማጀቴ ጭኜ እመጣለሁ» አለ ሙሀሲን። «ስልክ ይጠለፋል። በኢሜይል ነው አይደል?»

«አዎ። አደጋ ካለ እጽፍልሃለሁ። ዝም ካልኩ ንዳ።»

በማግሥቱ ፖሊሶች ሸዋሮቢት መግቢያ ላይ አደፈጡ። ሂዳያ ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጠች።

ምንም የለም።

ዝም አለች።

ከቀትር በኋላ፣ ሸዋሮቢት ሳይደርስ ጀውሃ ላይ፣ በሙሀሲን መኪና ላይ ተኩስ ተከፈተ። ፖሊስ ገስግሶ ደረሰ። ጠመንጃው ተያዘ፤ አብዱልሃዲም ተያዘ። ከጎኑ ነዒማ ነበረች፤ የሂዳያ የስለላ ባልደረባ፣ ግመልን ለነጋዴው የሸጠችው።

ሙሀሲን መሪው ላይ ተደፍቶ ተገኘ።

ሂዳያ የቆሻሻ መልእክቶቹን ከፈተች። የሙሀሲን ኢሜይል እዚያ ነበር። ሙሀሲን እንደ ሹፌር ሁሉ መጻፍ ይሰለቸዋል፤ ድምፁን ብቻ ቀድቶ ልኮ ነበር። ድምፁ ሲቆረጥ ኢሜይሉ ባዶ ቀረ። ማጣሪያው ባዶውን ቆሻሻ ነው ብሎ ጣለው። የተቆረጠውን ድምፅ ፈልጋ ከፈተችው።

«ሂዱዬ፣ ነዒማን ከአብዱልሃዲ ሰዎች ጋር ስትስቅ አየኋት። ልመለስ እንዴ? ማጀቴ መውጫ ላይ ቆሜ እየጠበቅኩሽ ነው... እሺ፤ ዝም ካልሽ እነዳለሁ።»

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ጭልፊት፣ ተሳክቷል። ዛሬውኑ ከአገሩ ጥፊ።»

መጥፋቱን ትጠፋለች። መጀመሪያ ግን ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ ለቅሶ ቤት ገባች። ማንም አላወቃትም። የሙሀሲን እናት እትዬ ከዲጃ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ልጅዎ ጀግና ነበር። ስንቱን ሰው አተረፈ።»

እትዬ ከዲጃ ቀና ብለው አዩዋት።

«እኔ የወለድኩት ሹፌር ነው። ጀግናሽን ይዘሽ ውጪልኝ።»