ሳታልፍ የማይነሳው ሞተር

ሙሄ የመመርመሪያ ጓንቱን አጠለቀና መዳፉን በመኪናዋ አፍንጫ ላይ አሳረፈ። ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ሕመም በመዳፍ መደመጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ አሁን ቆሞ የሚያይ እንኳ የለም። አውራ ጣቱ የሃይድሮጂኑን ፍሰት ነገረው፤ ጠቋሚው የአየሩን፣ የመሀል ጣቱ የሙቀቱን፣ የቀለበት ጣቱ የብልጭታውን። ሁሉም ደህና ነው። አዛዥ ሳጥኑም፣ ማለትም ነዳጁን ከአየሩ አመጣጥኖ ሞተሩን «ተነስ» ወይም «ቁም» የሚለው የመኪናዋ አንጎል፣ እንደ ጤነኛ ሰው ልብ ይመታል።

«ምን ልበልዎት ሲስተር፣ ምንም አላመማትም።»

«አራተኛ ጊዜዬ እኮ ነው!» አለች ሲስተር ዘሃራ። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት። መኪናዋን ከአባቷ ከአቶ ይመር ነው የወረሰችው፤ ከሞቱ ገና አምስተኛ ወራቸው ነው። «እናንተ ጋ ትነሳለች፣ እኔ ደጅ ትዘጋለች። ባለፈው ሳምንት ለምጥ ተጠርቼ ሃያ ደቂቃ ገተረችኝ። እናትየዋን አተረፍናት። ልጁን ግን...»

«ሳጥኑ ጃጅቷል፤ አጽዳውና ስጣት፣» አለ የጋራዡ ባለቤት ቶፊቅ ከጎማ ክምር ላይ እንደተቀመጠ። «አንተ ልጅ መኪና ስታቅፍ እየዋልክ፣ ሽማግሌ መላክ ብቻ ነው የቀረህ!»

ሙሄ ግን በሽታውን ሳያውቅ ማጽዳት አይወድም።

«ስትዘጋብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ተሳድቤ እወርዳለኋ! ባጃጅ ልፈልግ ወደ አስፋልቱ ስሄድ ባለቤቴ ይሞክራታል። ለሱ ወዲያው ትነሳለች።»

«ወደ አስፋልቱ በየት በኩል ነው የሚሄዱት?»

«በፊቷ ነዋ።»

ሙሄ ቆም አለ። እዚህ ስትመጣም ቁልፉን አስረክባ ወደ ወንበሩ የምትሄደው በመኪናዋ ፊት ነው። ሞተሩን አጠፋና ሲስተርን በኋላ በኩል አዙሮ አስገባት። ቁልፉን ተጫነች። ጭጭ። እሱ ራሱ በመኪናዋ ፊት አለፈ። ጭጭ።

«ቶፊቅ፣ እስቲ አንተ እለፍ።»

«እኔ ደሞ ምን አጠፋሁ?» ቶፊቅ ሆዱን አስቀድሞ አለፈ። ምንም የለም። «ይኼን ሁሉ ሥጋ አይታ ዝም ካለች ዕውር ናት በላት።»

«ሲስተር፣ ይውረዱና አሁን እርስዎ ይለፉ።»

ዘሃራ ወርዳ በግራ መጥታ በቀኝ አለፈች። ሙሄ ቁልፉን ነካው፤ ሞተሩ ተነሳ።

«ቢስሚላህ!» አለ ቶፊቅ።

አሁን የቀረችው ትንሿ ጣት ነበረች። ትንሿ ጣት የምትሰማው ልማድ ያዡን ነው፤ ባለቤቱ የደጋገመውን ነገር ሁሉ እያጠራቀመ ለመኪናው ሕግ የሚያደርገውን የሳጥኑን ጓዳ። የሰው ገመና ስለሆነ ሳይፈቀድ አይነካም። ሙሄ አስፈቀደ። ከዚያ በጓንቱ ጀርባ ላይ ባለችው ስክሪን የሚመጣውን ቀስ እያለ አነበበ።

«ቦታው ከጤና ጣቢያው በር ትይዩ ነው። ሰዓቱ ጠዋት አንድ ተኩል ገደማ። የፊቷ ካሜራ አንዲት ሴት እስክታልፍ ይጠብቃል። ሴትዮዋ ካለፈች በኋላ ሞተር ይነሳል። ይኸው፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ ጠዋት።» ቀና አለ። «ሴትዮዋ እርስዎ ነዎት። አባትዎ ካረፉ ወዲህ ቦታና ሰዓቱን ትቶ እርስዎን ብቻ ይጠብቃል።»

ዘሃራና አባቷ ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። እናቷ የሞተች ዕለት አቶ ይመር ከጭነት ጋር ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ለቀብሩ አልደረሱም። በሦስተኛው ቀን ሲገቡ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላየው!» አለቻቸው። አንድም ቃል አልመለሱላትም።

«መስታወቷን ጥቁር ያስለጠፈው...» አለች ዘሃራ፤ «ስወርሳት ፀሐይ ፈርቶ መስሎኝ ነበር።»

«አንድ ጊዜ ደግሞ አራት ወር ሙሉ ጠፍተዋል። መኪናዋ በየቀኑ እስከ ቀትር ቆማለች።»

«ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ነበርኩ።» ወደ ወንበሩ ሄደች፤ ግን አልተቀመጠችም። «የመጨረሻው ቀንስ?»

ሙሄ ስክሪኗን ወደ ራሱ አዞረ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ አለፉ። ሞተር አልተነሳም።»

ያን ቀን አቶ ይመር መሪው ላይ ተደፍተው ነው የተገኙት። ሰው ሁሉ፣ እሷም ጭምር፣ ሊታከሙ ሲመጡ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቀሩ ብሎ ነበር የደመደመው።

ቶፊቅ ከጎማው ላይ ወረደ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥበቃዋን አጥፍቶ ትዝታዋን ብቻ ማስቀረት አይቻልም?» አለ።

«ልማድ ያዡ ወይ ሙሉውን ይቀመጣል፣ ወይ ሙሉውን ይጸዳል።»

ዘሃራ ሁለቱንም አየቻቸው። «አጽዳው። የምታምጥ ሴት ቆይ አትባልም።» ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና፣ «ግን አንዴ ልለፍ፣» አለች።

ሙሄ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ትእዛዙ እንዲጠብቃት ቁልፉን ተጭኖ ወረደ። መዳፉን በመኪናዋ አፍንጫ ላይ መለሰ። የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ዘሃራ በግራ በኩል መጣች፤ መኪናዋ ፊት መሀል ላይ ስትደርስ ቆመች። በዚያ ሁሉ ጠዋት አንድም ቀን ቆማ አታውቅም። ዞረችና ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች።

«አባ፣» አለች።

ሞተሩ ጸጥ እንዳለ ነው። በሙሄ ትንሽ ጣት ላይ ግን ያቺ ቀጭን ትርታ አልቆመችም፤ አላለፈችም፣ ገና አላለፈችም፣ ገና። ዘሃራ እስከ ማታ ብትቆም ይቺ መኪና እስከ ማታ ትቆማለች። ሰው መኪናን የሠራው እንድትሄድለት ነው፤ ይቺኛዋ ግን ከአንድ ሰው መቆምን ተምራለች።

ስልኳ ጠራ። «ሲስተር፣ ውሃዋ ፈሷል፣ ድረሽልን!» የሚል የሴት ድምፅ እስከ ሙሄ ድረስ ተሰማ። ዘሃራ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና አለፈች። ሞተሩ ተነሳ።

ሙሄ ልማድ ያዡን ሊያጸዳ ትንሿን ጣቱን አጥብቆ ተጭኖ እስከ ሰባት ቆጠረ። ትርታዋ ጠፋች።

ዘሃራ ቦርሳዋን አንስታ እየተጣደፈች ወደ ሾፌሩ በር ስትሮጥ እንደገና በመኪናዋ ፊት አለፈች። የጓንቱ ስክሪን «እግረኛ፤ ማንነቱ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች። ሙሄ እንዳታይበት በሌላው መዳፉ ሸፈናት።

መኪናዋ አንድ አፍታ እንኳ ሳታመነታ ከበሩ ወጣች።

«ዳነች?» አለ ቶፊቅ።

«ዳነች፣» አለ ሙሄ፣ ትንሿን ጣቱን እንደጨበጠ።