ለጀናዛው የደረሰው ልጅ

ሐጂ ዐብዱረሕማን ከመስገጃቸው ላይ በግንባራቸው እንደተደፉ ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታው የሚዛን ብረት ከጎናቸው ወድቋል። ልጃቸው ያስሚን ይህን ያየችው ለሱብሒ ሶላት እንደተነሣች፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር።

የጎንደር ፖሊስ ኢንስፔክተር ወንጌላዊት ስትደርስ ዘበኛውን አወቀን ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ እጁ የፊጥኝ ታስሮ አገኘችው። ጎረቤቶች ደብድበውታል።

«ማን ፈረደበት?» ስትል ጮኸች።

«በሩ አልተሰበረም! ከእሱ በቀር ማን ይገባል?» አለ አንዱ።

አወቀ ደም ተፋ። «ምነው፣ ቁልፍ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?»

ሌላው ቁልፍ ያስሚን ዘንድ፣ ሦስተኛው ደግሞ በቻይና ጓንዡ ከተማ ከሚነግደው ወንድሟ ከሳሊም ዘንድ ነበር።

«አሁን ደውዬለት ‹እዚሁ ጓንዡ ሱቄ ውስጥ ነኝ፤ በመጀመሪያው አውሮፕላን እመጣለሁ› አለኝ» አለች ያስሚን።

«ከአባቱ ጋር ሰላም ነበሩ?»

«አባቴ ሱቃቸውን ለእኔ እንዳወረሱ ሲነግሩት በስልክ ተሳደበ። ግን ከዚያ ማዶ ሆኖ ምን ሊያደርግ ይችላል?»

ሐኪም አስከሬኑን መርምሮ ለቀቀ፤ ታጥቦ ተከፈነ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጀናዛው ከመስጊዱ ሲወጣ አንዲት ታክሲ ቆመች። ሳሊም ቦርሳውን ጥሎ እያለቀሰ ሮጠና የቃሬዛውን ፊት ተሸከመ።

«ሸጋ ልጅ! ባሕር ተሻግሮ ደረሰ!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ወንጌላዊት ግን ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች።

ማምሻውን ለቀስተኛው ሁሉ በሳሎኑ ተሰበሰበ። አወቀ በካቴና ከበሩ ሥር ተቀምጧል።

«አቶ ሳሊም፣ እንዴት ፈጥነው ደረሱ?» አለች ወንጌላዊት።

«የቻይና ሰዓት ከእኛ በአምስት ይቀድማል። ወደዚህ ሲበሩ ቀኑ አብሮ ይቆያል።»

«ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ መንገድ ግን አያጥርም» አለች። «ከጓንዡ አዲስ አበባ ዐሥር ሰዓት ያህል በረራ ነው፤ ከዚያ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ሌላ አንድ ሰዓት። እኅትህ በደወለችበት ቅጽበት አየር ላይ ብትሆን እንኳ፣ አዘዞ የምታርፈው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ቀብሩ የተፈጸመው በቀትር ነው። ስለዚህ ስልኩን ያነሣኸው ቻይና ሆነህ አልነበረም፤ ዋሽተሃል። ቅርብ ሆኖ ሩቅ ነኝ የሚል፣ ቁልፍም ያለው ሰው አንተ ብቻ ነህ። ትናንት እዚሁ አጠገብ ጠዳ ላይ ያረፍክበት ሆቴል ባለቤት ደጅ ቆሟል። ላስገባው?»

ሳሊም እጆቹን ቁልቁል አየ። በጥፍሮቹ ውስጥ የመቃብሩ አፈር ገና አልጠራም።

«ነገ ብትመጣ ማንም አይጠረጥርህም ነበር። ምን አስቸኮለህ?»

«የአባቱን ጀናዛ ያልተሸከመ ልጅ በጎንደር ፊቱን ለማን ያሳያል?»

«በገደልክበት እጅ!» ያስሚን ዘላ ልታንቀው ስትል ሴቶች ያዟት። «በዚያው እጅ ተሸከምካቸው!»

ወንጌላዊት ካቴናውን ከአወቀ እጅ ፈትታ በሳሊም እጅ አጠለቀች። ሽማግሌዎቹ ወደ አወቀ ዞሩ።

«አውፍ በለን፣ ልጄ። ሰይጣን አሳስቶን ነው።»

አወቀ የተሰነጠቀ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ሰይጣንስ አልነካኝም» አለ። «የመታኝን እጅ አውቀዋለሁ። ኢንስፔክተር፣ የእኔን ክስ ደግሞ መዝግቢልኝ።»