የቅዳሜ ዝግጅት

«መጋረጃ ማጠብ» ብላ ጻፈች ሰጂዳ። ስልኳ ላይ ያለው ማቀጃ አፕ፣ ፕላነሩ፣ አረንጓዴ ሳጥን ሠራላትና ስንት ሰዓት ላይ ይሁን ብሎ ጠየቃት።

«ነገ፣ እናትሽ ከሥራ እንደገባች» አላት አባቷ። ታክሲውን ትምህርት ቤቷ አጠገብ ዳር አስይዟል፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። «ሳሎን ማጽዳትም በይ። ውሃ መግዛት። የወረቀት ብርጭቆ።»

«ባባ፣ ዚስ ኢዝ ዊርድ። ደስ አይልም።»

«አውቃለሁ የኔ እናት። ምን ላድርግ ታዲያ?»

አባቷ ሲራጅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የነገራት አሁን፣ መኪናው ውስጥ ገና እንደገባች ነው። ደሴ ያለችው አያቷ፣ የእናቷ እናት፣ ትናንት ሞታ ትናንቱኑ ተቀብራለች። እናቷ ሙፈሪሓት አልሰማችም። መርዶ ደግሞ በስልክ፣ ያውም ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። እዚያው አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቷ፣ የሲራጅ እህት ስሂን፣ መርዶውን የሚነግሩትን ሽማግሌዎች ይዛ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ፣ እነሱ ቤት አሌክሳንድሪያ ትመጣለች። ሁሉም ከሥራ ነፃ የሚሆነው ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ሙፈሪሓት ስልኳን ይዛ ዘና የምትልበት ፋታ ማግኘት የለባትም። አንዱ ዘመድ ፌስቡክ ላይ «አላህ ይዘንላት» ብሎ ቢለጥፍ አለቀ!

ፕላነሩ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የኮምፒዩተር አስተማሪዋ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ አፕ አከፋፍሎ፣ «ከቤተሰባችሁ ጋር ሞክሩትና ዓርብ ገምግሙት» ብሏል። ለሰጂዳ የደረሳት የቀን ውሎ ማቀጃው ነው። እሷ የሞላችው ሁሉ እናቷ ስልክ ላይ ይጮሃል። የሆቴል ክፍል ስታጸዳ የምትውለው ሙፈሪሓት መጀመሪያ ላይ «ደግሞ ቤቴም በስልክ ልታዘዝ?» ብላ ስቃ ነበር።

ሰጂዳ ማልቀስ ነበረባት። ጠበቀች፤ እንባው አልመጣም። አያቷን በአካል ያየቻት አንድ ክረምት ብቻ ነው፤ ቢሆንም በየሳምንቱ በስልክ «ቁመትሽ የት ደረሰ?» እያለች የምታስቃት እሷ ነበረች። አሁን ግን ውስጧ ምንም የለም። ጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ድድ ዓይነት፣ ሲነኩት የማይሰማ። ድንጋይ ሆንኩ እንዴ ብላ ራሷን ታዘበች። ከዚያ «የወረቀት ብርጭቆ» ብላ ጻፈች።

ሐሙስ ሙፈሪሓት መጋረጃዎቹን አወረደች። ስልኩ ሲጮህ ትሠራለች፣ ስትጨርስ ሳጥኑን ትነካለች። ሳጥኑን በነካች ቁጥር አፑ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ይበትንላታል፤ ያኔ እንደ ሕፃን ትስቃለች።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ሲያመሰግን እኮ ካባትሽ ይሻላል!»

መሃል ላይ እጇን እያደረቀች፣ «ለእማዬ ግን ሳልደውል ቀረሁ» አለች።

ሰጂዳ ቀና ሳትል፣ «ማሚ፣ ፈርስት ውሃው። ሱቁ ሳይዘጋ» አለቻት።

«ወይ ጉድ! እሺ እመቤቴ።» ቁልፏን አንስታ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ነው ነገሩ ለሰጂዳ የገባት። ሶፋው ግድግዳ ተጠግቷል፣ መሃሉ ለሰው ተለቋል፣ ውሃው እየተገዛ ነው። እናቷ የራሷን ለቅሶ ቤት በገዛ እጇ እያሰናዳች ነው። አባቷ ይሄን አስቦ ነው ያጻፋት ወይስ ሳያስበው? ልትናደድበት ሞከረች። ንዴቱም አልመጣ አለ።

ዓርብ ክፍል ፊት ቆማ ግምገማዋን አነበበች። አፑ ለአጠቃቀም ቀላል ነው፤ ማስታወሻው በሰዓቱ ይጮሃል፤ ቤታቸው ያልተሠራ ሥራ የለም። አምስት ኮከብ ሰጠችው። አስተማሪው ቤተሰቧን በምን እንደረዳ ሲጠይቃት «ቢዚ አደረገን» አለች። ክፍሉ ሳቀ። አጠገቧ የምትቀመጠው ቲና ብቻ አልሳቀችም።

«ዩ ኦኬ? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለቻት በሹክሹክታ።

«አልተኛሁም።»

«ኖ፣ ስታነቢ ልክ ሮቦት ነው የምትመስዪው።»

ሰጂዳ ትከሻዋን ሰበቀች።

ቤት ስትገባ እናቷ ከሥራ አስፈቅዳ ቀድማታለች። የሰጂዳን አልጋ አራግፋ አዲስ አንሶላ እያነጠፈች ነው። ፀጉሯን ተሠርታለች። የእጇን ጀርባ ሂና ተቀብታ፣ ገና ስላልደረቀ አንሶላውን በጣቶቿ ጫፍ ነው የምትይዘው።

«ማሚ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ? ይሄ ፕላነሩ ላይ የለም።»

«እኔ ጨመርኩታ! ካንቺ ተማርኩ አይደል? አንቺ ከነገ ጀምሮ ሶፋ ላይ ነሽ፣ እንዳትቀየሚኝ።» ከዚያ ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሞኝ አደረጋችሁኝ እንዴ? መጋረጃ፣ ሳሎን፣ ውሃ፣ ብርጭቆ። አባትሽ ዓይኔን አያይም። ስሂን ስደውልላት ቶሎ ትዘጋዋለች። ገብቶኛል እኮ! ስንጠብቀው የኖርነው ቪዛ ወጥቷል። እማዬን ልታመጡልኝ ነው!»

ሰጂዳ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ዛሬ ደጋግሜ ደወልኩላት፣ ስልኳ ዝግ ነው። ይሄኔ አውሮፕላን ላይ ናታ!»

ስልኳን አውጥታ ዘረጋችላት። ቅዳሜ ላይ «ኤርፖርት» ብላ ጽፋለች፤ ሳጥኑ ሰዓት ይጠብቃል። «በቃ፣ አንዴ አውቄዋለሁ። ስንት ሰዓት እንደምትደርስ ንገሪኝና ልሙላው። ወላሂ አልናገርም። ባባሽ ፊት እንዳላወቀ ሆኜ እደነግጥላችኋለሁ።»

የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ነው። የትኛውንም ብትለው ፕላነሩ ይቀበላል፤ እናቷም ዛሬ ደስ ብሏት ትተኛለች። ነገ በሩ ሲንኳኳ ደግሞ ሮጣ ትከፍታለች፤ በሂና እጇ፣ እየሳቀች፣ ሽማግሌዎቹ ፊት። ሰጂዳ ይሄ ታያትና ከረቡዕ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተሰማት። አመማት።

የእናቷን ስልክ ተቀበለች እንጂ ቁጥር አልነካችም። በራሷ ስልክ ለአባቷ «አሁኑኑ ና። ልነግራት ነው። አክስቴንም ጥራት» ብላ ላከች። ሁለቱንም ስልኮች መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ብቻዋን እያለች አይነገራትም ነው ያሉት። እኔ አለሁ አይደል፣ አለች በልቧ።

«ማሚ፣ ቁጭ በይ።»

«ቆይ፣ አንሶላውን ልጨርስ።»

«ተይው። እዚህ ነይ፣ ከኔ ጋር።»

ሙፈሪሓት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም። ሰጂዳ ተጠግታት ሁለቱንም እጆቿን ያዘች፤ ሂናው አልደረቀም ነበርና የራሷን መዳፍ አቀለመው።

«ኤርፖርት አንሄድም፣ ማሚ» አለቻት።