ፒካዩን የተባለው ሰንደል

ረታ እንዳለው፣ ሠርፀ እሁድ ከሰዓት እንደ ልማዱ ሰንደሉን አውልቆ የውኃ ታንከሩን ለማየት ብቻውን ጣሪያ ላይ ወጣ፤ አዳለጠውና ወድቆ ሞተ። አስረሳሽ እንዳለችው ግን ጣሪያው ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ወጥ ቤት ሆና የሠርፀንና የሌላ ወንድ ድምፅ ሰምታለች፤ ሁለተኛው ይቆጣ ነበር፤ የማን እንደሆነ ግን አልለየችም።

ሟቹ ሠርፀ ጁባ ከተማ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ የሚገኘው ሆቴል ባለቤት ነበር፤ ረታ ሸሪኩ፣ አስረሳሽ ደግሞ የወጥ ቤት ኃላፊዋ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ቃላቸውን የሰጡት ለኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር ለአቶ ኃይለመለኮት ነው። ሊቀመንበሩ የረታን ቃል ወደዱት፤ አደጋ ነው ከተባለ አስከሬኑ ሳይጉላላ አገሩ ይገባል። ረታም አስረሳሽን ገለል አድርጎ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ በሆቴሉ ስም የወጣ መሆኑን አስታወሳት።

«የሰማሁትን አልሰማሁም አልልም» አለችው ፊት ለፊት እያየችው። ከዚያ ወደ ዙልፋ ደወለች።

ዙልፋ ዛሬ ስኳርና ዱቄት በጅምላ ትሸጣለች፤ ድሮ ግን ድሬዳዋ ውስጥ የፖሊስ መርማሪ ነበረች። ሱቋን ዘግታ መጣች። መጀመሪያ ያየችው ከሆቴሉ ጀርባ መሰላል ሥር ጎን ለጎን ተቀምጦ የተገኘውን ሰንደል ነው። ገልብጣ ሶሉን አየች። መሰላሉንም ወጣች። ጣሪያው እንዳያፈስ ቅዳሜ ሬንጅ ተቀብቶ ኖሮ፣ በጁባ ፀሐይ ቀልጦ ጫማዋን ያዝ ለቀቅ አደረገው።

ውኃ በቦቴ የሚያቀርበው ሙደሲር ሳይጠሩት መጣ። ከሠርፀ ጋር ተጣልቶ ስለነበር ሰው በእሱ ላይ ማንሾካሾክ ጀምሯል። «ጭቃ ውኃ አመጣህ አለኝ፣ ተሰዳደብን፣ ኻላስ፣ በቃ» አላት። እሁድ ከሰዓት ጁባ ና ባሪ በሚባለው ሰፈር ውኃ ሲቀዳ ነዋሪው በሙሉ አይቶታል። ዙልፋ ጠይቃ አረጋገጠችና አሰናበተችው።

ረታ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጦ ነበር። ሠርፀን ከቅዳሜ ወዲህ እንዳላየው፣ እሁድን ሸሪካት የሚባል ሰፈር ውሎ የመጣው ሞቱን ሰምቶ መሆኑን ነገራት። ስለ ሰንደሉ ስትጠይቀው ሳቀ።

«ሰው ሞቶ አንቺ ስለ ሰንደል ታወሪያለሽ። ይኼ ፒካዩን ነገር ነው።»

«ምን ነገር?»

«ፒካዩን። እንግሊዝኛ ነው። ጥቃቅን፣ ከቁም ነገር የማይገባ ማለት ነው።»

«ጥሩ ቃል ነው። አንተስ ከማን ተማርከው?»

«ከሠርፀ ነዋ። ቃል ሳያስተምር የሚለቀው ሰው ነበረ እንዴ?»

ዙልፋ አመስግናው ወደ ወጥ ቤት ሄደች። አስረሳሽ እሁድን ከጠዋት ጀምራ ተረከችላት። ከሠርፀ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደው አብረው ቆርበዋል፤ ምሳ የቀረበው ዘግይቶ ነው። ከምሳ በኋላ እንደ ወትሮው የዕለቱ የእንግሊዝኛ ቃል በስልኩ መጣለት።

«ጋሼ ደስ አላቸው። ‹ይኼንን ገና አሁን ማወቄ ነው› አሉኝ። ለማይረባ ነገር የሚባል ነው፤ ሦስቴ አስደገሙኝና ጠፋብኝ። ወዲያው ወደ ጓሮ ወጡ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን እንጂ እሳቸውን አላየሁም።»

«ፒካዩን ነው?»

አስረሳሽ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እሱ ነው። ማን ነገረሽ?»

ከሰዓት በኋላ ዙልፋ ሁሉንም መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«ጋሽ ኃይለመለኮት፣ አስከሬኑን የገነዙት እርስዎ ነዎት። እግሩ ሬንጅ ነበረው?»

«ንጹሕ ነበር።»

ሰንደሉን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሶሉ በሬንጅ ጠቁሯል። «ስለዚህ ጣሪያው ላይ ተጫምቶ ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ጫማውን መሰላል ሥር አያስቀምጥም። አውልቆ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ ሠርፀ ሲወጣ ጫማ የማውለቅ ልማድ እንዳለው የሚያውቅ። ያላወቀው አንድ ነገር ነው። እኔ እስላም ነኝ፣ ግን በክርስቲያን ጎረቤት መካከል ነው ያደግኩት። የቆረበ ሰው በዚያው ቀን በባዶ እግሩ ይሄዳል?»

ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሄድም።»

«አስረሳሽ መቁረቡን ታውቃለች፤ ብታደርገው ኖሮ ጫማውን አታወልቅም ነበር። ሙደሲር ሌላ ሰፈር ነበር። ረታ፣ ሠርፀ ፒካዩን የሚለውን ቃል ያወቀው እሁድ ከምሳ በኋላ ነው። ለአስረሳሽ ነገራት፤ ጠፋባት። ከዚያ ወደ ጣሪያው ወጣ። አንተ ከቅዳሜ ወዲህ አላየሁትም ብለሃል። ታዲያ መቼ አስተማረህ?»



«ስሜ ታፔላው ላይ ይጻፍ አልኩት» አለ ረታ ሰንደሉን እያየ። «አብረን ብሎኬት ተሸክመን የሠራነው ቤት ነው። ሳቀና ፒካዩን አለኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ገፋሁት። እንዲወድቅ አላሰብኩም።»

ኃይለመለኮት ተነሥተው በሩን ዘጉ። የሆነው ሆኗል፣ የሞተውን አንመልሰው፣ በሰው አገር ስማችን ለምን ይነሣል፣ እያሉ አንድ በአንድ ለመኗቸው። ዙልፋ ወደ አስረሳሽ ተመለከተች።

«አየሽ አስረሳሽ» አሉ ሊቀመንበሩ ወደ እሷ ዞረው፣ «አንቺ ሰማሁ ያልሽው ድምፅ ቢቀር ምን ይጎድላል? ትንሽ ነገር ነው።»

አስረሳሽ ሽርጧን ፈትታ አጠፈችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰንደሉ አጠገብ አስቀመጠች።

«ፈቃዴን ይሰርዙት» አለች በሩን እየከፈተች። «እኔ አሁኑኑ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የሰማሁትን አስመዘግባለሁ።»